14 ዘፈን፣ 9 ድምፃዊ፣ 1 ካሴት፦ በማን ስም ይመዝገብ?

መነሻ ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካታሎግ ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው ወር የአንድ ጡረተኛ መምህር ልጆች፣ ነፍሳቸውን ይማርና አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን 3 ካርቶን ካሴት፣ ጥቂት ሸክላና ሲዲ አምጥተው አስረከቡን። አለቃዬ መጽሐፍ ከመዘገብሽ ይህም ያው ነው ብሎ ወደ እኔ ገፋው። ያው አይደለም።

የአንድ ድምፃዊ የሆነውን ሁሉ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። የተቀረቀርኩት ስብስቡ ላይ ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ባለ 90 ደቂቃ ካሴት የታተመ ሽፋን የለውም። ከደብተር የተቀደደ ባለ መስመር ወረቀት በልኩ ታጥፎ ገብቶበታል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ለአንዱ ጎን 7፣ ለሌላው 7 ዘፈን ተዘርዝሯል። የድምፃዊ ስም የተጻፈው ከአራት ዘፈን አጠገብ ብቻ ነው፤ የቀረውን በጆሮዬ ለይቼ በጠቅላላው 9 ሰው ቆጠርኩ። በወረቀቱ ጀርባ «ምርጥ» ከሚል ቃልና ከ«84» በቀር ምንም የለም። ሌሎቹ ስብስቦች ታትመው የወጡ ናቸው፤ ርዕስ አላቸው፤ ጣጣቸው ግን ከዚህ አይለይም። እንዲህ ያለውን በማን ስም ላስገባው? በመጀመሪያው ድምፃዊ? በካሴቱ ርዕስ? ወይስ 14 ዘፈን 14 መዝገብ ይሁን?

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። የውይይቱ ክር ረዝሞ አዲስ የሚገባ ሰው እየጠፋበት ስለተቸገረ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አጠናቅሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የተሰደቡትም የሰደቡትም እንዳያዝኑብኝ።

መልስ 1፦ ሁለት መስመር ጽፎ የሄደ ሰው ነው። በደራሲ ቦታ «የተለያዩ ድምፃውያን» ብዬ አስገብቼ እንድገላገል መከረኝ።

መልስ 2፦ ይህቺ እህት ለመልስ 1 በትሕትና አይሆንም አለችው። «የተለያዩ ድምፃውያን» ሰው አይደለም፤ ሰው ያልሆነውን በሰው ስም ቦታ ካስገባነው ከዓመት በኋላ የካታሎጉ ትልቁ «ደራሲ» እሱ ይሆናል፤ ሲከፍቱት የሠርግ ዘፈን፣ መንዙማና የልጆች መዝሙር አብሮ ይዘረገፋል። እሷ ያለችበት ቤት ይህ ደርሶ፣ ለማጽዳት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባቸዋል። ደንቡንም አስረዳችኝ። ብዙ ሰው የተሳተፈበትና የጋራ ርዕስ ያለው ስብስብ ዋና መግቢያው፣ ማለት መዝገቡ በቅድሚያ የሚገባበት ስም፣ ርዕሱ ነው፤ ድምፃውያኑ እያንዳንዳቸው በማርክ (ኮምፒውተር የሚያነበው የካታሎግ ቅርጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው) 700 ላይ በተጨማሪ መግቢያ ይያዛሉ። ርዕስ ለሌለው ደግሞ መዝጋቢዋ ራሷ ገላጭ ርዕስ አውጥታ በማዕዘን ቅንፍ ታስቀምጠዋለች።

መልስ 3፦ ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የሠሩ ጋሼ ናቸው። የመልስ 2ን ሐሳብ ደግፈው ታሪኩን ጨመሩበት። በፈረንጅ 1978 የወጣው የአንግሎ አሜሪካ የካታሎግ ደንብ 2ኛ እትም ዘፈኖቹ የብዙ ሰው ድርሰት ቢሆኑም እንኳ ጎልቶ የሚታይ አንድ ተጫዋች ካለ ስብስቡ በእሱ ስም እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። በፈረንጅ 2010 በእሱ ፈንታ የመጣው አርዲኤ የሚባለው ደንብ፣ የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከማርች 31 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራበት ማለት ነው፣ ዘፋኙን በአብዛኛው እንደ ደራሲ ሳይሆን እንደ ተሳታፊ ይቆጥራል። የተለያዩ ዜማ ደራሲዎች ሥራ አንድ ላይ ከሆነ ርዕሱ ይቀድማል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት ያልኩትም ቢሆን እንደገና ቢታይ ደግ እንደሆነ በጨዋ አነጋገር ጠቆሙኝ። ገባኝ ጋሼ።

ሌላም ነገር አነሱ። የውጭ አገር መዝጋቢዎች የእኛን ስም እየገለበጡ ልጁን በአባቱ ስም ያስገባሉ፤ ሙላቱ አስታጥቄን በ«አ» ስር የሚፈልግ ሐበሻ ግን የለም። ሐበሻ በስሙ ነው የሚገባው፤ የአባት ስም ተከታይ ነው እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። እሳቸው ለሥራ ባልደረቦቻቸው ይህንን ሲያስረዱ እንደኖሩ ከጻፉት ድካማቸው ይታወቃል።

መልስ 4፦ ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። ይህ ሰው ደንብ፣ እትም፣ ቁጥር እያሉ መደርደር ገንዘብ ላለው ቤተ መጻሕፍት ነው ባይ ነው። እኛ ዘንድ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የገባው ዳታ አብሮ ይጠፋል፤ ተማሪው መጥቶ የሚጠይቀውም ዘፈን ነው፤ ስለ ዋና መግቢያ የጠየቀው አንድም ሰው አላጋጠመውም። አነጋገሩ ጎምዘዝ ያለ ነበር። የመጨረሻዋ ነገር ግን ልክ ናት፤ እስከ ክሩ መጨረሻ ተከትላኛለች።

መልስ 5፦ መልስ 4 ያነሳውን ይዞ መፍትሔውን ያሳየ ሰው ነው። የይዘት ማስታወሻ የሚባለውን፣ ማርክ 505ን፣ በደንብ ሙይው አለኝ። የዘፈኑ ስም፣ ከዚያ ዝንባል መስመር፣ የድምፃዊው ስም፣ በቅንፍ ደቂቃው፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝና ቀጣዩ ዘፈን፤ እንዲህ እያለ እስከ 14። ካሴቱ አንድ፣ መዝገቡም አንድ፤ ፈላጊው ግን በየትኛውም ዘፈን ይገባል። የታተመ ካሴት ከሆነ ወረቀቱ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ስለሚጻፍ ያም እንዳይዘለል፤ የሙዚቃ ቤቱ መለያ ቁጥር ካለም 028 ላይ ይግባ፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ቢቀየርም ቁጥሩ አይቀየርም።

መልስ 6፦ እኔ ነኝ። አንዱን ካሴት እንደተባልኩት ስሞላ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ ብዬ አማረርኩ። ኮሃ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ፈልጌ ሳየው ግን ከ505 ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ እንደሚገኝ ተናዘዝኩ።

መልስ 7፦ አትደሰቺ የሚል ዓይነት መልስ። የሚገኘው እኔ በጻፍኩበት ፊደል ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ጥላሁን ገሠሠን በንጉሡ «ሠ» ጽፌ ሌላው በእሳቱ «ሰ» ከፈለገ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፤ ፀሐይ የሚል ቃል ያለበት አንድ የዘፈን ርዕስ በስንት መልክ ሊጻፍ እንደሚችል ቁጠሪው ብሎ ተወኝ። መድኃኒቱ የስም ሥልጣን መዝገብ ነው፤ አንድ አጻጻፍ ተመርጦ ሌሎቹ ወደ እሱ እንዲመሩ ማድረግ። የርዕሱን ሌላ አጻጻፍ ደግሞ 246 ላይ።

ከመልስ 8 እስከ 10፦ የፊደል ጦርነት። አንዱ የተደጋገሙት ፊደሎች ይውጡ ይላል፣ ሌላው ቅርስ ናቸው ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ተሳድቦ ወጣ። ከካሴቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ አልፌዋለሁ።

መልስ 11፦ አንድ ወንድም «ኢትዮፒክስ» የሚባለው የፈረንሳዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲ ተከታታይ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠየቀና ራሱ መለሰው። ሁሉም ቁጥሮች የፍራንሲስ ፋልሴቶ ስብስብ ስለሆኑ አንድ መዝገብ ይበቃቸዋል፤ ደራሲውም እሱ ነው አለ።

መልስ 12፦ መልስ 2 ተመለሰች። አሁን ትሕትናዋ ቀንሷል። ያሰባሰበ ሰው አሰባሳቢ ነው፤ የዘፈኖቹ ደራሲ አይደለም። ቁጥሮቹም ዓይነታቸው የተለያየ ነው። ቁጥር 4 ሙላቱ አስታጥቄ፣ ቁጥር 7 ማሕሙድ አሕመድ፣ ቁጥር 14 ጌታቸው መኩሪያ፣ ቁጥር 21 የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ እነዚህ የአንድ ሰው ናቸው። ቁጥር 1፣ ቁጥር 3 እና ቁጥር 10 ደግሞ የብዙ ድምፃውያን ናቸው፤ ዋና መግቢያቸው ርዕሳቸው ነው። እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ የተከታታዩ ስም ከነቁጥሩ 830 ላይ ይያያዝ፤ ሁሉንም በአንዴ ማየት የፈለገ በዚያ ይሄዳል። በፈረንጅ 2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሰምቶ የመጣ ሰው ቁጥር 4ን ማግኘት አለበት እንጂ የአንድ ግዙፍ መዝገብ ሆድ ዕቃ መበርበር የለበትም።

መልስ 13፦ ይህንን ክር ለረጅም ጊዜ ያቆየው ስሕተት እዚህ ነው የተጀመረው። ከእነዚሁ ኢትዮፒክሶች በአንዱ ሲዲ ላይ የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ 1969–75 የሚል አይቶ፣ አንድ ወጣት ይህ በደርግ ጊዜ የተቀረጸ መሆኑን በሙሉ ልብ ጻፈ። እንዲያውም ከነጭ ሽብርና ከቀይ ሽብር ጋር አገናኝቶ አንድ አንቀጽ ትንታኔ ሰጠ።

መልስ 14፦ ጋሼ (መልስ 3) አረሙት። ረጅም ነው፤ ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ። የሲዲው ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የፈረንጅ 1969 በእኛ 1961 እና 1962 ነው፤ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ አምሃ እሸቴም አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ የከፈተው በዚያው ዓመት ነው። የእኛ 1969 ግን የፈረንጅ 1976 እና 1977 ነው፤ አምሃ አገር ለቆ ወጥቶ የሸክላው ዘመን እየተዘጋ ነበር። በሁለቱ 1969ኞች መካከል አንድ መንግሥት ወድቋል። መዝጋቢ አቆጣጠሩን ሳታጣራ ቁጥሩን ብቻ ከገለበጠች ዘፈኑን ከአንዱ አብዮት ወዲያ ማዶ ወደ ወዲህ ማዶ ታሻግረዋለች ማለት ነው። አሠራሩ በሽፋኑ ላይ ያለውን እንዳለ ጽፎ፣ የእኛ አቆጣጠር ከሆነ የፈረንጁን በማዕዘን ቅንፍ ማስከተል ነው፤ 1969 ዓ.ም. ካለ 1976 ወይም 1977። ማሽኑ የሚያነበው ኮድ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ የፈረንጁ ነው።

አክለውም የእኔን ካሴት «84» አነሱ። የእኛ 84 ከሆነ 1991 ወይም 1992 ይሆናል፤ የፈረንጅ ከሆነ ደርግ በሙሉ ጉልበቱ የነበረበት ጊዜ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እንዳልጽፍ አስጠነቀቁኝ። እኔ ደግሞ 1984 ብዬ አስገብቼ፣ ፈረንጅ ይሁን ሐበሻ ሳልለይ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር።

መልስ 15 እና 16፦ ወጣቱ ስሕተቱን አላመነም፤ አሜሪካ ተቀምጦ ማረም ቀላል ነው የሚል ነገር ጣል አደረገ። መልስ 16 በምላሹ የጻፈውን የመድረኩ ኃላፊ ሰርዞታል፤ እኔ ግን አንብቤዋለሁ፤ መሰረዙ ተገቢ ነው።

መልስ 17፦ ወደ ጉዳዩ የመለሰን የክራር ተጫዋች ነው። ከመዘገብኳቸው ርዕሶች ውስጥ ስንቱ «ትዝታ» እንደሆነ ጠየቀኝ። ቆጥሬ ነገርኩት፤ ሳቀ። ትዝታ የዘፈን ርዕስም ነው፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱም ነው፣ የዘፈን ዓይነትም ነው። ሁሉም ድምፃዊ የራሱን ትዝታ ይዘፍናል፤ ዜማው ዘር አለው፣ ግጥሙ ግን የየራሱ ነው። ጌታቸው ካሣ ብቻውን ዝግ ያለና ፈጣን ሁለት ትዝታ አለው። እንግዲህ አንድ ስብስብ ላይ ሦስት ትዝታ ቢኖር 505 ላይ ትዝታ፣ ትዝታ፣ ትዝታ ተብሎ ሊጻፍ ነው ወይ አለ።

መልስ 18፦ ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ የድምፃዊው ስም የሚጻፈው የሚል አጭር መልስ። መልስ 4 ደግሞ ጣልቃ ገብቶ፣ በቅኝቱ ሳይሆን በመደርደሪያ ቁጥሩ ነው የምናወጣው ብሎ አላገጠ።

መልስ 19፦ ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። ድሮ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው ስለ «ምርጫ» ካሴት ጻፈ። ደንበኛው ባዶ ካሴትና ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የዘፈን ርዕስ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚጽፈው የሚያስታውሰውን ነው፤ ወይ መግቢያውን ወይ አዝማቹን። አንዳንዱ መጻፉንም ትቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያንጎራጉራል፤ ሠራተኛው ከመደርደሪያ ያወጣለታል። ከዚያ በሁለት ቴፕ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ አንድ ካሴት ለመቅዳት ከሰዓት በኋላውን ይወስዳል። 45 ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ዘፈኑ አዝማቹ ላይ እንዳይቆረጥ ሰዓት እያዩ አጠር ያለ ዘፈን መጨረሻ ላይ ያስገቡ ነበር። የዘፈኖቹን ተራ የሚወስነው ያ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የእኔ ካሴት በአንዱ ጎን መጨረሻ ላይ አጭር ዘፈን ካለው፣ ልምድ ያለው ሰው ነው የቀዳው አለ።

ካሴቱን አገላብጬ አየሁት። የመጀመሪያው ጎን 7ኛ ዘፈን 3 ደቂቃ ተኩል ነው፤ የቀሩት ከ5 ደቂቃ አያንሱም። ወረቀቱ ላይ ርዕስ ነው ብዬ ስገለብጠው የዋልኩትም ለካ ርዕስ አይደለም፤ የግጥሙ መነሻ ነው። ከመልስ 5 በኋላ በኩራት የሞላሁት 505 ውስጥ ግማሹ በየትኛውም የታተመ ካሴት ላይ የማይገኝ ስም ነበር።

መልስ 20፦ አንድ የሕግ ሰው፣ በአነጋገሩ እንደሚመስለኝ፣ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ካሴት ካታሎግ ውስጥ ማስገባት ስርቆትን መመዝገብ ነው አለ። የቅጂ መብቱን አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ጠቀሰ።

መልስ 21፦ መልስ 2 በዚያው አዋጅ መለሰችለት። ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ያለውን ሥራ ለመጠበቅ ወይም የተበላሸውን ለመተካት ቅጂ የሚያወጣበት ሁኔታ እዚያው አዋጁ ውስጥ ተቀምጧል። ደግሞም መመዝገብ ማባዛት አይደለም፤ መዝገብ ይህ ነገር እዚህ አለ ከማለት አያልፍም። ላዋስ፣ ኢንተርኔት ላይ ልልቀቅ ከተባለ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ።

መልስ 22፦ አንዲት እናት የኦርቶዶክስ መዝሙር ከዘፈን ጋር በአንድ መደርደሪያ መቀመጡን አጥብቀው ተቃወሙ። የእኛ ካሴቶች የተደረደሩት በገቡበት ተራ ቁጥር ስለሆነ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚያርፍ የሚወስነው ካርቶኑ መሆኑን በአክብሮት ገለጽኩላቸው። አልተዋጠላቸውም።

መልስ 23፦ የእናታችን ቃል መልካም ነገር ወለደ። አንድ መሪጌታ ብቅ አሉና እኛ ስለ ስብስብ አመዘጋገብ ዛሬ የተፈጠረ ችግር አስመስለን ማውራታችን እንዳስገረማቸው ጻፉ። ድጓው ራሱ ስብስብ ነው። የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የተደረደረ፣ ከጾመ ድጓ፣ ከምዕራፍ፣ ከዝማሬና ከመዋሥዕት ጋር የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ተብሎ የሚቆጠር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ቃል መካከል ደብተራው አንዱን እንዴት ያገኛል? በመነሻ ቃሉ ነው። ርዕስ የለውም፤ መነሻው ስሙ ነው። ዜማው ደግሞ በየቤቱ ይመደባል፤ ይህ የእገሌ ቤት ነው ከተባለ ተማሪው አካሄዱን ያውቀዋል። የዜማው ምልክትም ቢሆን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት የሚነገረው፣ ከታወቀ ዜማ ቃል የተቆረጡ ፊደላት ናቸው፤ በቃሉ አናት ላይ ደቀቅ ተደርገው ይጻፋሉ፤ ሁለት ፊደል ያየ ሙሉውን ዜማ ያስታውሳል። እንግዲህ በመነሻ ቃል መመዝገብን ከፈረንጅ ማርክ መማር አያስፈልገንም አሉ።

መልስ 24፦ የክራሩ ሰው በዚህ ተደስቶ ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህንኑ እንደሚያደርጉ ነገራቸው። በፈረንጅ 1952 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ሪዝም የሚባለው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ምንጮች መዝገብ፣ የብራና ኖታዎችን የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ድምፆች ነው። አንድ ርዕስ የብዙ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ርዕስ የሌለውም ሞልቷል፤ መነሻው ግን ያስይዛል። ማርክም ለዚህ 031 የሚል ቦታ አለው።

መልስ 25፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው። አዝማሪ ቤት የተቀረጸ ከሆነ መነሻው በየምሽቱ ይለያያል፤ እንግዳ አይቶ ነው ግጥም የሚነሳው። በመነሻ ቃል የተመዘገበ የአዝማሪ ካሴት የዚያን ምሽት እንግዳ ስም ይዞ ይቀራል። ለእሱ ቦታውንና ቀኑን 518 ላይ መጻፍ ይሻላል።

ከመልስ 26 እስከ 28፦ የተጎተተ የካሴት ክር እንዴት እንደሚጠገን። እርሳስ ወይስ ቢክ እስክሪብቶ? ቢክ አሸነፈ፤ ጥርሱ ልክ ይገባል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚለውን ማንም እንዳይሰማ።

መልስ 29፦ መልስ 13 ተመልሶ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ጋሼን ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼም በ«ግድ የለም ልጄ» ዓይነት ቃል ተቀበሉት። ያው ወጣት ሳይሄድ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «84» ዓመተ ምሕረት መሆኑን ማን ነገረሽ?

መልስ 30፦ እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም። ወደ ካርቶኖቹ ሄድኩ። በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ 83 እና 85 ወጡ፤ ከዚያ 12፣ ከዚያ 107። መምህሩ ካሴቶቻቸውን ራሳቸው ቁጥር ሰጥተዋቸው ኖሯል። ዓመቱን ከመዝገቡ ሰርዤ ቁጥሩን በማስታወሻ አሰፈርኩት። ርዕሱን [ምርጥ ዘፈኖች፣ በመምህሩ የተመረጡ] ብዬ በማዕዘን ቅንፍ፣ 505 ላይ በመጀመሪያ በሽፋኑ የተጻፈውን መነሻ ቃል፣ ቀጥሎ ያረጋገጥኩትን የታተመ ርዕስና ድምፃዊ፣ 700 ላይ 9ኙንም በየስማቸው አስገባሁ። ከ14ቱ 11ዱን ለይቻለሁ።

መልስ 31፦ መልስ 4፣ ያ ጎምዛዛው፣ ቁጥር የሰጠ ሰው ዝርዝር ሳይዝ አይቀርም፤ ልጆቹን ደብተር እንዳለ ጠይቂ አለኝ።

መልስ 32፦ ጠየቅኩ። ትልቋ ልጃቸው ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ካሴት ነው፤ ከላይ ቁጥር፣ ከታች የየዘፈኑ መነሻ ቃል፣ በስተቀኝ ዘፋኙ፣ አንዳንዱ አጠገብ ደግሞ ከማን ካሴት እንደተቀዳ። ደብተሩ 48 ላይ ያልቃል። ሁለተኛ ደብተር እንደነበረ ታስታውሳለች፤ የት እንደገባ ግን አታውቅም። የ84ቱን 3 ያልተለዩ ዘፈኖች መነሻ ቃል ነገ እዚሁ አስቀምጣለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ዜማውንም ቢያንጎራጉር አይከፋኝም።